እንደ አህያችን ቆንጆ

አባቴ የሚሳሱለትን ነገር አያመሰግኑም። በርበሬያቸው ቀልቶ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲያየው «ኧረ ምኑ ቅጡ፣ ትል የጨረሰው ነው» ይላሉ። ላም ስትወልድ ጥጃውን ዞር ዞር ብለው ያዩና «ይች ደግሞ ምን ጎደሎ ነገር ወለደች» ብለው እትፍ እትፍ ይሉበታል። የአገሩ ልማድ ነው። ማንኩሳ አካባቢ ያለ ገበሬ ዓይን እንዳይበላበት የሚፈራለትን ነገር በአፉ ሳያራክስና በምራቁ ጠብታ ሳያረጥብ አያልፍም። ከግቢያችን ውስጥ አባቴ በግልጽ «ቆንጆ ናት» ሲሏት የሰማሁት አህያችንን ብቻ ነው። አንድ ጆሮዋ ግማሽ ነው፣ ጀርባዋ ተልጧል፣ ጥርሷ ደግሞ አፏን ስትገጥም እንኳ ውጭ ይቀራል። ማን በዓይኑ ይበላታል?

እኔ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ወይም ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ስለሚተባበሩኝ ብዙ ጽፌያለሁ። ድሮ አንዱን ይዤ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩላቸው። ስለ ባሕር ነበር። ማዕበሉም፣ መርከቡም፣ ነጩ አሸዋም ነበረበት። አባቴ ሞፈር እየጠረቡ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ቆንጆ ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ነገሩ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ማንኩሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከአህያዋ ጋር እኩል ሆኛለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞቴ አንድ ነው። ሽልማት አልልም፣ መጽሐፍ ማሳተም አልልም፤ አባቴ አንድ ግጥሜን እንዲያራክሱልኝ ብቻ ነው የምፈልገው። ሰው ሙገሳ ሲለምን አይታችኋል፤ እኔ ግን ስድብ ፍለጋ ስንት ወረቀት አበላሸሁ።

ባሕሩን ከየት አመጣሽው ብትሉ፣ ከቤተ መጻሕፍት ነው። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት የግጥም መደርደሪያ ላይ ያሉትን አንብቤ ጨርሻቸዋለሁ። ገጣሚዎቹ ሁሉ ወይ ባሕር ዳር ቆመዋል፣ ወይ ቅጠል ይረግፍባቸዋል፣ ወይ መስኮታቸው ላይ አመዳይ ይወርዳል። እኔም እንደነሱ ቆምኩ፣ ረገፈብኝ፣ ወረደብኝ። የማውቀው ትልቅ ውኃ እኮ ነሐሴ ላይ የሚሞላው የላህ ወንዝና በአውቶቡስ መስኮት ያየሁት የቆጋ ግድብ ነው። በረዶ ሲባልም የማውቀው በርበሬ የሚደበድበውን ነው። ያን ደግሞ ማንም በፍቅር አይገጥምለትም።

ሁለተኛዋ መምህሬ አክስቴ ናት፤ የአባቴ እኅት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። አክስቴ አልቃሽ ናት። በየለቅሶው ተጠርታ ሙሾ የምታወጣ፣ አንዴ የሰማችውን ግጥም የማትረሳ ሴት ናት። በአካባቢያችን እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ የሞተ አይመስለውም ይባላል። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ግጥም ሁሉ ከእሷ አፍ ስለወጣ ምንም ልጽፍ ብጀምር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሰው ይሞትብኛል። ስለ አዲስ ዓመት ስጽፍ እንኳ እንዲህ ሆነ፦

መስከረም ጠባና አደዩ ፈነዳ
ለማን ጥለኸኝ ነው የሄድኸው እንግዳ

እንግዳው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነፍሱን ይማር።

የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን ሰብሳቢ በቀትር ፀሐይ ሻርፕ የሚጠመጥም፣ ግጥም ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ የሚወዛወዝ ሰው ነው። ቡሬ ላይ ለሚደረገው የግጥም ዝግጅት ርእሱ «ተፈጥሮ» መሆኑን ሲነግረን ለይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ባሕር አልፈልግም። ሬሳም አልፈልግም። ሂጂና ያየሽውን ጻፊ» አለኝ።

ጥቅምት ነበር። ፎቶኮፒ ቤቱን ዘግቼ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ተፈጥሮን ለማየት ከመንደሩ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ፤ ጉንዳን አስነሳኝ። ወንዝ ዳር ወረድኩ፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «ምነው፣ ምን ጠፋብሽ?» እያሉ አብረውኝ ይፈልጉ ጀመር። ተፈጥሮን ነው ብል ማን ይሰማኛል? አምባር ነው አልኳቸው። ያልጠፋ አምባር ፍለጋ ውኃ ውስጥ የገቡ ነበሩ፣ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ተስፋ ቆርጬ ግቢ ስገባ ቦራዋን አየኋት። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላማችን ናት። በቅርቡ ወልዳ ግቷ ሞልቶ ሊፈነዳ ደርሷል፤ የማታ ፀሐይ ጎኗ ላይ አርፋባት፣ ቆማ ታመሰኳለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ቀጥ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስገፋትና ስጎትታት የኖርኩት ላም እንዲህ ውብ መሆኗን አላየሁም ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦

ቦራዋ ላማችን ግንባሯ ጨረቃ
ጋጡን ያበራችው ፀሐይዋ ሳትነቃ
ከግቷ ሚወርደው የነጣ ፏፏቴ
ማንኩሳን አጥግቦ ይተርፋል ለአባቴ

አራት ስንኝ ሙሉ ማንም አልሞተም! ወዲያው ለአክስቴ አነበብኩላት። «አበጀሽ!» አለችኝ፤ በቃሏም ያዘችው። ለአባቴ ግን ቡሬ ላይ ተጨብጭቦልኝ ስመለስ አነብላቸዋለሁ ብዬ ደበቅኳቸው። በስልኬ የቦራዋን ፎቶ አንስቼ ሄድኩ።

ቡሬ ላይ አዳራሹ ተናጋ። ፉጨቱ፣ ጭብጨባው፣ «ይደገም!» የሚለው ጩኸት! ሰብሳቢያችን ዓይኑን ጨፍኖ ሲወዛወዝ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። በማግስቱ ድምፄን ከቦራዋ ፎቶ ጋር አድርጎ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ሰው «ዋው» አለ፣ ልብ ላከ፣ አንዱም ትሸጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ፎቶኮፒ ማሽኑን ተደግፌ አስተያየት ሳነብ ዋልኩ። ደንበኛ ሲመጣ መታወቂያውን በአንድ ገጽ ብቻ ኮፒ እያደረግኩ ሰደድኩት።

ሳምንቱ ሳያልቅ አባቴ ደወሉ። አባቴ ስልክ ሲያወሩ ስልኩ ባይኖርም ፍኖተ ሰላም ድረስ ይሰማሉ።

«አንች! ላሚቱን አስበላሻት!»

«ምን ሆነች አባባ?»

«ወተቷን ያዘች! ጠብ አይልም! ወፍጮ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ምን የሚያይ ይመስልሻል? የኔን ላም ግት! ጨረቃ ነች፣ ፏፏቴ ነች ትያለሽ አሉ። አንዲት እትፍ እንኳ ሳትይባት! አሁንም ያየ ሰው ሁሉ መጥቶ እትፍ ይበልባት!»

«አባባ፣ ያየው ሰው እኮ ብዙ ነው። ከየት ላምጣው?»

«ያሳየሽው አንች ነሽ። አንች ታውቂያለሽ» ብለው ዘጉት።

ምን ላድርግ? ቪዲዮው ሥር ጻፍኩ፦ «ውድ ተመልካቾች፣ ላሚቱ ወተቷን ስለያዘች ያያችሁ ሁሉ እባካችሁ እትፍ እትፍ በሉ።» አበሻ ለእንዲህ ያለው ነገር ደግ ነው። እትፍ በእትፍ ላይ ዘነበ። አንዱ ከውጭ አገር ሆኖ «ከሩቅ ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት፦ «ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ።» ሰብሳቢያችንም ሻርፑን ፈቶ፣ በክብር፣ አንድ እትፍ አስቀመጠ።

ይህን ሁሉ በስልኬ ይዤ ሄድኩ። አባቴ ከግቢው በር ላይ በበትራቸው ከለከሉኝ።

«ወረቀት ይዘሻል?»

«አልያዝኩም አባባ። ይኸው ይዩት፣ ሰው ሁሉ እትፍ ብሏል።»

ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። በጣታቸው መስታወቱን ዳበስ አደረጉና ጣታቸውን አዩት።

«ምራቁ የታለ?» አሉ። «ይኸማ ደረቅ ነው። ላሚቱ እስክትታለብ ድረስ ግጥምሽን ይዘሽ እዚህ ግቢ እንዳትገቢ።»

አሁን ቀልዱ አለቀብኝ። ወተቱም ወተት ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ግጥሜን ከአህያዋ ደረጃ እንዲያወጡልኝ ስመኝ ከበሽታ ደረጃ ላይ ጣልኩት። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አክስቴ ድምፅ ሰምታ በሙያዋ መጣች። አለቃቀሴ ግን አልጣማትም።

«ተይ እባክሽ፣ ሰው አልሞተ» አለችኝ። «ያወደሰ አፍ ያራክሳት። ስደቢያት።»

እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ ስድቡን ጻፍኩ። አክስቴ አባቴን ለመነችልኝ፤ ወረቀቱ የስድብ መሆኑን በመሐላ አረጋግጣ አስገባችኝ። ጥጃው ተፈታ፣ አክስቴ ማለቢያውን ጉልበቷ መሀል አድርጋ ከቦራዋ ሥር ቁጢጥ አለች። ከዚያም እንደ ልማዷ ልታባብላት ድምፅ አወጣች፦

«ቦራዋ... ላማችን... ወየው ግንባሯ... ጨረቃዬ...»

የኔ ግጥም ነው። በሙሾ ዜማ! ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ጥጃው መጥባቱን ተወ። ቦራዋ ጭራዋን እግሮቿ መሀል ከታ ደርቃ ቆመች።

«እቴቴ! በየቀኑ ይህን ነው እንዴ የምታዜሚላት?»

«ታዲያሳ! አንች ከጻፍሽላት ወዲህ ሌላ ነገር አላልሁላትም። ምን ያለ አንጀት የሚበላ ግጥም መሰለሽ፤ እያለብሁ እኔው አለቅሳለሁ።»

ላሚቱ በቁሟ ስትቀበር ሰንብታለች ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን «ስደቢያት፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ብለው ጮኹብኝ። አነበብኩ፦

ይቺ ከሲታ ላም ቀንዷ የጠመመ
ወተቷ ውኃ ነው ያውም የከረመ
ዝንብ እንኳ ንቋታል አያርፍም ጭራዋ
ብናልብ ይሻላል ዶሮን በቦታዋ

አክስቴ ዶሮዋ ጋ ስትደርስ ሳቅ አፈናት። እንደ ሕፃን ትንፈራፈራለች፤ ትከሻዋ እየተናጠ፣ እጇ ግን ማለቡን አልተወም። በዚያ ሳቅ መሀል ወተቱ ጠብ አለ፤ ቀጥሎም ቸርር አለ። ማለቢያው ሞላ። አባቴ ስድቡ ዓይኑን ነቀለው አሉ። እኔ ሙሾው ስለቆመ ነው አልኩ። አክስቴ ጥፋቱ ሁሉ የባለ ሻርፑ ነው አለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ሙሾው ግን ቦራዋ አጠገብ ተከልክሏል።

ስመለስ አባቴ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ባጃጅ ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን የፊተኛውን እስቲ በይው። ወፍጮው እየጮኸ በውል አልሰማሁትም።»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልያዝኩም ያልኩት ውሸቴን ነበር። አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ይተርፋል ለአባቴ» ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። አባቴ ወደ በርበሬው ማሳ ዞረው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «ቆንጆ ነው» ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አይረባም» አሉ።

«እ?»

«ምኑም አይረባ! ቀንዷን ረስተሽዋል። ፏፏቴውም ጉራ ነው። ይኸን ብሎ ግጥም!» ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አፋቸው አጠገብ አደረጉና እትፍ እትፍ አሉበት። ቀለሙ ፈሰሰ። መለሱልኝና ትንሽ አሰብ አድርገው ግንባሬን ያዙኝ፤ እኔም ላይ እትፍ አሉብኝ።

«ምን ያለች ጎደሎ ልጅ ወለድሁ» አሉ።

ባጃጁ መጣ። ገና ከመቀመጤ እንባዬ ወረደ፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምነው እኅቴ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«አይ፣ ማንም አልሞተም» አልኩት ወረቀቱን በነፋሱ እያደረቅኩ። «አባቴ ተፉብኝ።»