ከሶፋው ጀርባ

የፊልም ቀረጻው ሰዎች «እትዬ አቧራ» ይሏታል። ስም አውጪው ዳይሬክተሩ ነው። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቧራ ነኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ጣጣው ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ነው። «ፊልም ላይ ነው የምሠራው» ስትል «ውይ፣ ተዋናይ ነሽ እንዴ?» ይሏታል። «ኧረ ቤት ነው የማቆሽሸው» ስትል ደግሞ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ እሷ እውነቷን ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ወደ ፊልም የገባችውም በመጥረጊያ ነው። አንድ ቀን ለቀረጻ የተዘጋጀ ቤት አጽጂ ተብላ ተጠራች። ብትገባ ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል፣ መጋረጃው ከነእጥፋቱ ተሰቅሏል፣ ድስቶቹ ከሱቅ እንደወጡ ተደርድረዋል። በፊልሙ ውስጥ አምስት ልጆች ያሳደገች ባሏ የሞተባት ሴት ትኖርበታለች አሏት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዙሪያውን አየችና፣ «ልጆቹ ክንፍ አላቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«እንዴት?» አላት ዳይሬክተሩ። ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ፣ ገና በሠላሳዎቹ ያለ ሰው ነው።

«አምስት ልጅ ያደገበት ግድግዳ ላይ አንድ የእጅ ምልክት የለም። መብራት ማጥፊያው ዙሪያውን መጥቆር ነበረበት። በሩም ከታች፣ በእግር የሚገፋበት ጋ፣ መላጥ ነበረበት። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ወገቤ መች ይቆረጥ ነበር!»

ሌላ ሰው ቢሆን «አርፈሽ መጥረጊያሽን ያዢ» ይላት ነበር። እሱ ግን ከንፈሩን ነከሰና «እስቲ ያሳዩን» አላት።

አሳየቻቸው። ጨርቅ ሻይ ውስጥ ነክራ ማጥፊያውን ዙሪያውን አሻሸችው። የአንዱን ድስት ክዳን እጀታ ነቅላ በቦታው የጠርሙስ ቡሽ ሰካች። አዲሱን ሳሙና ከመታጠቢያው ላይ አንስታ ሁለት ያለቁ ቁራጮች አንዱን ባንዱ ላይ ለጥፋ አስቀመጠች። ፊልሙ ወጣ። ሰው ስለ ታሪኩ አወራ፣ ስለ ሙዚቃው አወራ። ከወር በኋላ ማን ማንን እንዳገባ የረሳው ሁሉ ያቺን የተለጠፈች ሳሙና ግን አልረሳም። «የእናቴ ሳሙና!» ያላለ የለም። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሩ ያለ እሷ ካሜራ አያስነሳም።

ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ፊልም የሚታወሰው በብርሃኑ ነው፣ በትወናው ነው ይላሉ። ይሁንላቸው። እትዬ አቧራን ብትጠይቋት ግን ሰው ከሲኒማ ቤት ይዞ የሚወጣው ቤቱ ያለውን ነገር ነው ትላለች። የሌላ ሰው ገበና አያለሁ ብሎ ገብቶ የራሱን ድስት ክዳን ሲያይ ክው ይላል፤ ያን ቀን ያየውን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ይህን ስትናገር እንደ መምህር ጣቷን ታነሳለች፤ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት እንግዲህ።

እትዬ አቧራ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያለቻት አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ናት። እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ አሥራ ሰባት፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ታላቂቱ የራሷን ነገር ሁሉ እርግፍ አድርጋ ትታ ልብስ ስፌት ገባች፤ እሷን አጠበች፣ አበላች፣ ጸጉሯን ጎነጎነች። እስከ ዛሬ «እታለም» ትላታለች፣ ታላቂቱም «ሚጡ» ትላታለች፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሚጡ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ቤት ሄዳ ሳታወጋ የቀረችበት ሳምንት አይታወቅም።

እታለም ገበናዋን የምትሸፍን ሴት ናት። ባሏ ሰው ፊት ጨዋ ነው፤ እንግዳ ይቀበላል፣ ይሸኛል። ምን ጎደላቸው ብትሉ የሚነግራችሁ አይኖርም። እትዬ አቧራ ያወቀችው በሥራዋ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እታለም ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ቤቷን ላጽዳላት ብላ ሄደች። ሳሎኑን ለመጥረግ ሶፋውን ከግድግዳው ብትስበው ከጀርባው አንድ ትልቅ ፌስታል አገኘች። ውስጡ ብርድ ልብስና ትራስ ነበር። የትራሱ ልብስ ታጥቦ ተተኩሷል። ሶፋውን በእጇ ዳበሰችው፤ በአንድ በኩል ሰው የሚያህል ጎድጓዳ ሠርቷል። ሶፋው ያኔ ከተገዛ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ጎድጓዳው ደግሞ የአንድና የሁለት ዓመት ሥራ አልነበረም። ጓዳ ስትገባ የስኳር ጣሳውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለሱ። ፌስታሉን እንደነበረ፣ አፉን ወደ ነበረበት አዙራ መለሰችውና ሶፋውን ገፋችው። ለእታለምም ትንፍሽ አላለችም።

ዘንድሮ ዳይሬክተሩ አዲስ ፊልም ያዘ። ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ቤት እየኖሩ ዓመታት ሙሉ አይነጋገሩም። ጸሐፊው ረጅም ጠብ ጽፎላቸው ነበር፣ ሰሃን የሚሰበርበት። ዳይሬክተሩ አንብቦ ከንፈሩን ነከሰ። «እትዬ፣ ጠብ አልፈልግም። አፍ አውጥቶ የሚናገር ዕቃ ይስጡኝ» አላት።

አፏ ቀደማት። ሁለት የስኳር ጣሳ አለች። ከዚያ ሶፋውን አለች። እንግዶቹ ሲወጡ ሴትየዋ በሩን ትዘጋለች፣ ሶፋውን ከግድግዳው ትስባለች፣ ፌስታሉን ታወጣለች፣ ትራሱን ጠፍጠፍ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። በቃ። ተዋናይዋ አንድ ጊዜ ሠራችው፤ ሲያልቅ «ቁረጥ» የሚል ሰው ጠፋ። እትዬ አቧራም ጥግ ቆማ ደረቷ በኩራት ተነፋ። ከሰው ቤት መርፌ አንስታ የማታውቅ ሴት ናት። ሳሙናውን አንድ ቤት፣ ቡሹን ሌላ ቤት አይታ ነው ያመጣችው፣ ማንንም አስፈቅዳ አታውቅም፤ ያየችውን ማምጣት እንደ ማንሳት አይቆጠርም ነበር እሷ ዘንድ።

ፊልሙ የሚመረቅ ቀን እታለምን ይዛ ሄደች። ወይ ሞኝነት! እንዴት አላሰበችውም? እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለእሷ ያ ትራስ አንዴ ካሜራ ፊት ከቆመ በኋላ የተዋናይዋ ትራስ ሆኖ ነበር። ጨለማው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሶፋው ሲሳብ እታለም ቦርሳዋን ይፈትሽ የነበረው እጇ ቀጥ አለ። ትራሱ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ «እህ» አለ። ያኔ ነው እትዬ አቧራ የገባት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እታለም እስኪያልቅ አልተነሳችም። ውጭ ወጥተው ጸሐይዋ ላይ ሲቆሙ፣ «ስንት ሰው ነበር ውስጥ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሦስት መቶ ይሆናል።»

«እኔ ለአንድ ሰው ተናግሬው አላውቅም» አለች እታለም። «ላንቺ እንኳ።» ከዚያ ብቻዋን መንገድ ተሻግራ አውቶቡስ ያዘች።

በማግሥቱ ስልክ አታነሳም። እሑድ እትዬ አቧራ ቤቷ ሄደች፤ በሩን ባልየው ከፈተና «የለችም» አላት። የእታለም ጫማ በሩ ሥር ተቀምጦ እያየችው ነው። ሁለተኛው እሑድም የለችም፣ ሦስተኛውም የለችም። እናት ሆና ያሳደገቻት እህቷ ፊት ነሳቻት። እትዬ አቧራ እህል አልወርድ አላት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰው ፊልሙን ማድነቁ ነው፤ አትክልት ሻጯ ሳትቀር «ያቺ ትራስ! ያቺ ትራስ!» ትላለች። በያንዳንዱ ምስጋና ቆሽቷ ያራል።

ዳይሬክተሩ ለሚቀጥለው ሥራ ሲደውል አልመጣም አለችው። ለምን ቢላት የማን ሶፋ እንደሆነ ነገረችው። «ያንን ክፍል ቆርጠህ አውጣልኝ» አለችው። ከንፈሩን እየነከሰ እንደሆነ በስልክም ታውቃለች። «ልቆርጠው እችላለሁ፣ እትዬ። ያየው ሰው ግን አይቶታል» አላት። እውነቱን ነበር። ዘግታ አለቀሰች።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልብስ እያጠበች በሯ ተንኳኳ። እታለም ናት። እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ዘላ አቀፈቻት። እታለም አላቀፈቻትም፣ አልገፋቻትምም። ገብታ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?» አለቻት።

«እታለም፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ…»

«ተይው፣ ወለሉ እርጥብ ነው።» ቀጥላም፣ «መቼ አየሽው?» አለች።

«የታመምሽ ጊዜ። ሳጸዳ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትይኛለሽ ብዬ…» አለችና ራሷ አቋረጠችው። «ውሸቴን ነው። መጠየቅ እንዳለብኝም አላሰብኩም።»

«እምቢ እልሽ ነበር» አለች እታለም። «በጥፊም እልሽ ነበር።»

«አሁንም በይኝ።»

«እጄን አመመኝ።» ከሻሿ ጫፍ ክር መዘዘች። «ትናንት ለብቻዬ ሄጄ ደግሜ አየሁት። የቀኑን ትርዒት። ሰው እንዴት እንደሚስቅብኝ ልይ ብዬ ነው። መጨረሻው መደዳ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ነበረች፣ የደላት የምትመስል፣ የወርቅ ጉትቻ ያደረገች፣ ሽቶዋ እንኳ ራስ ያዞራል። ፌስታሉ ሲወጣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ ‹ማን ነገራቸው?› አለች።»

እትዬ አቧራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ እኮ በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር፣ ሚጡ» አለች እታለም። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ።»

«ምን አልሻት ታዲያ?»

«ምን እላታለሁ? እጇን ያዝኳት። አልነጠቀችኝም። እስኪያልቅ እንደተያያዝን ቆየን፣ ከዚያ መብራት ሲበራ ሳንተያይ ተለያየን።»

ሁለቱም አለቀሱ። በኋላ እታለም አይኗን በሻሿ ጠራረገችና ባልዲውን አየችው፤ ተነሥታ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣ አንዱን አንሶላ በአንድ ጫፍ ይዛ መጭመቅ ጀመረች።

«ሁለተኛ ግን ሳትጠይቂኝ እንዳታደርጊው» አለች።

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኛለሽ?»

«እሱን ስትጠይቂኝ አየዋለሁ» አለች እታለም።