ወደ አፋምቦ የላክሁት ጎዶሎ ወሬ

ሰመራ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙቀቱ ሰውን በቁሙ ሕልም ያሳይ ነበር። አዋሽ ስላደግሁ ሙቀት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። በመስኮቱ ስመለከት ግን አስፋልቱ ላይ ያሉት ባጃጆች ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ መሰሉኝ።

አለቃዬ ዶክተር ሰሎሞን የሚያጠኑት የገዛ ሰውነታቸው ቆሽታቸውን አጥቅቶባቸው ለስኳር ሕመም ከልጅነታቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ወጣቶችን ነበር። አጥንት ምሰሶ ብቻ አይደለም፣ ሆርሞንም ያመነጫል፤ ሆርሞኑን ከሰውነት ስብና ከልብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው የምንፈልገው አሉኝ። ሆርሞኑን ሙቀት ስለሚያበላሸው ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ውስጥ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ሴንትሪፊውጅ፣ ደሙን አሽከርክሮ ወደሚለየው ማሽን።

ማሽኑ ሲሽከረከር እንጉርጉሮ ያሰማል። ሲቆም ቀዩ ከታች፣ ብጫው የደም ውኃ፣ ሴረሙ፣ ከላይ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ወላሂ፣ ስንት ዘመን አይቼው አልጠገብኩትም።

ከወጣቶቹ አንዷ ሃዋ፣ ከሐይቁ ዳር ከአፋምቦ የመጣችው ከእናቷ ጋር ነው። ክንዷ ቀጭን ነው፤ ወገቧን በሜትር ስለካው ግን ስቡ እዚያ ተከማችቷል። እናቷ ልጄ ከሳች እያሉ ቅቤ በላይ በላዩ ይሰጧት ነበር። እሷም፣ እናቴ ለገበያ የምታደልበኝ ፍየል ነኝ ብላ አሳቀችኝ።

ውጤቱ የመጣው አገሯ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ዶክተር ወረቀቱን አሳዩኝ። የአጥንቱ ሆርሞን ዝቅ ብሏል፤ እሱን ገና እየተማርንበት ነው አሉ። የደም ቅባቷና ግፊቷ ግን ከፍ ስላለ ለልቧ ያሰጋል፣ ቶሎ መድኃኒት መጀመር አለባት። ስልክ ብንደውል የለም፤ ቤተሰቡ ከብት ይዞ ወደ ሐይቁ ወርዷል። ቆሽቴ አረረ።

ዳጉ ትዝ አለኝ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ያየውን የሰማውን ሁሉ ለሌላው ይነግራል፤ ያም ለቀጣዩ ያደርሳል። ገበያ መጥተው ወደ አፋምቦ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። የሰው ሕመም በየመንገዱ አላወራም ብዬ፣ ሃዋ ሰመራ ትፈለጋለች፣ ቶሎ ትምጣ ብቻ አልኳቸው። ሌላስ አሉኝ። ሌላ የለም አልኩ። ትክ ብለው አይተውኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት አይሱዙ ሙሉ ዘመድ ግቢው ውስጥ ወረደ። የእናቷ ዓይን በልቅሶ አብጧል። ሃዋ መሃላቸው ተቀምጣለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

አጎቷ ቀርበው፣ "እህቴ፣ ዳጉ ጎዶሎ አይነገርም። ከጎደለ የቀረው ሞት ነው። ልጃችን ልትሞት ነው?" አሉኝ።

አይደለም አልኩ። ሃዋን ለብቻዋ አስገባኋትና ዶክተር ሁሉን ነገሯት። ዘመዶችሽ ይስሙ ወይስ እዚሁ ይቅር ብዬ ጠየቅኋት። በመስኮቱ ወደ ግቢው ብዙ አየች።

"ይስሙ" አለች። "ልቤን ብቻዬን አልጠብቀውም።"

ዶክተር ግቢው ካለው ግራር ጥላ ሥር ተናገሩ፣ አጎቷ ለዘመዶቹ በአፋርኛ ተረጎሙ። እናቷ፣ እኔ ነኝ ወይ የጎዳኋት ብለው ጠየቁ። ዶክተርም፣ የጎዳት ሕመሙ ነው፣ አሁን ቅቤውን ቀንሰው ክኒኑን ያስታውሷት አሏቸው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ሰመራ ገበያ አንድ የማላውቀው ግመል ነጂ አስቁሞኝ ዳጉውን ነገረኝ፤ ዝናብ ጥሏል፣ ሣሩ ደህና ነው፣ የእገሌ ግመል ወልዳለች፣ የአፋምቧ ሃዋ ዛሬም ክኒኗን እየዋጠች ነው፣ እናቷም ቅቤ ቀንሳለች። ሌላስ አልኩት። ሌላ የለም፣ ሰላም ነው አለኝ።

ለታማሚ ውጤቱን ሙሉውን ንገሩ። ሌላ ማን ይስማ የሚለውን ታማሚው ይወስናል።