«ኦቦ ታደሰን ጠይቁ»

ባለፈው ሳምንት ጌዶ ላይ አውቶቡሱ እስኪሞላ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ላፕቶፑ ላይ አንድ ሰነድ ሲያነብ አየሁ። ሰነዱ የእኔ ነበር። ሰውየው አላወቀኝም።

የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አምቦ ላይ፣ በጭቃው ወቅት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ቢሆንም በፕሮግራም ጽሑፍ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ተምሬ፣ ባለ ዲግሪዎች ያቃታቸውን እሠራ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ከኮሌጅ በቅርቡ ከወጣችው ከጫልቱ ጋር ለወረዳዎች የከብት ክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራን። የእሷ ክፍል ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ፣ የእኔ ፓይተን በሚባል ነበር። ያሠራን ቢሮ የሁለቱም አሠራር በአንድ ሰነድ ተብራርቶ ሰኞ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ሰነዱ ካለፈ ጫልቱ በቋሚነት ትቀጠራለች፤ ካልሆነ ፕሮግራሙም ይቀራል፣ እሷም ወደ ቤቷ።

እኔ ምን ገዶኝ። በየኮዱ መካከል ለሰው አንባቢ የተጻፉትን ማብራሪያዎች ከሁለቱም ቋንቋ ለቅሞ አንድ ሰነድ የሚያወጣ ፕሮግራም በአንድ ቀን ጻፍኩ። የወጣውን አትሜ ሳነብ የእኔ ገጾች ባዶ ናቸው፤ ሁሉን በጭንቅላቴ ስለምይዝ ማብራሪያ ጽፌ አላውቅም። የጫልቱ ደግሞ የእኔን ሥራ በነካ ቁጥር «ይህን ኦቦ ታደሰን ጠይቁ» ይላል።

«አሠራሩን አታውቂውም እንዴ?» አልኳት።

«አውቀዋለሁ፣ ኦቦ። እርስዎ እያሉ የእርስዎን ሥራ እኔ ማብራራት ነውር መስሎኝ ነው።» ቀጥላም፣ «ደግሞ ሲጠየቁ ደስ ይልዎታል» አለች።

እውነቷን ነው። ግን ካቺሲ ገጠር ውስጥ ከብት አሰልፎ የቆመ ሰው፣ ስልክ በማይሠራበት፣ እኔን ከየት ያገኛል? የእኔንም ክፍል እንድታብራራ ለመንኳት። ሦስት ቀን ተቀምጠን ጻፍን። አልማረችኝም፤ አንዱ ቦታ ላይ «ይህ ቀርፋፋ ነው፣ ይስተካከል» ብላ ጻፈችብኝ።

ሰኞ የቢሮው ኃላፊ ሰነዱን ከእንጭኒ ለመጣ ጸሐፊ ሰጥቶ አዲስ ክትባት ወደ ፕሮግራሙ እንዲያስገባ አዘዘው፤ እኛን ዝም በሉ አለን። ምላሴን እየበላኝ ዝም አልኩ። ጸሐፊው ገጹን ገለጠ፣ አነበበ፣ አስገባ። ማንንም አልጠየቀም፤ ሰነዱም አለፈ። ጫልቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተነፈሰች፤ እኔም ላቤን ጠረግሁ። ደጅ ላይ እናቷ የላከችውን በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ቆመን በላን።

ስለዚያ ፕሮግራም ስልኬ ከጮኸ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ነኝ። ሠሪው በሌለበት የሚሠራ ነገር መሥራት፣ አምቦ ውስጥ ከእኔ በቀር ማን ይችላል? እሺ፣ ከእኔና ከጫልቱ በቀር።