ስበላ የሚያለቅሰው ዓይኔ

ስበላ ግራ ዓይኔ ያለቅሳል። ሐዘን አይደለም፣ ቃሪያም አይደለም፤ ማኘክ ስጀምር እንባው ይወርዳል፣ ሳቆም ይቆማል። ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ማስረዳቱ ሰልችቶኛል። ሰርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «አይዞሽ እህቴ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ክትፎ እየበላሁ መጽናናት አልወድም።

ባለፈው ሰሞን አያት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነችው ሰናይት ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። የልጇ የማርታ ጆሮ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷታል።

«ታዲያ ሐኪም ቤት አትወስጃትም?» አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፈራሁ ጫልቱ። ይሄ ነገር መርፌ አይወድም ይላሉ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ይህችን አባባል የሰማሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ በነበረው ቤታችን። አባቴ ከነቀምት የመጣ ጴንጤ ነው፣ እኔም ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ጥር ላይ የታላቅ እህቴ የሌንሴ ሰርግ ተቆርጦ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ብቻዬን እንድዘምር ተመደብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁለት ነገር አልነበረም። በዚያ በጋ አቧራው ጉሮሮ ይከረክራልና ድምፄ እንዳይበላሽ ማር በሞቀ ውሃ እየጠጣሁ፣ ልብስ ሳጥብም ሽንኩርት ስልጥም መዝሙሩን እለማመድ ነበር።

ሰርጉ ሲቃረብ ግራ ጆሮዬን ያመኝ ጀመር። በማግስቱ ውስጡ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡበት።

በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው የመንደሩ ንብረት ነው። አክስቴ ብርቄ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቃ ጆሮዬ ውስጥ ጠብ አደረገችልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥተው አዩኝና፣ «ሸረሪት ሸንታባት ነው» አሉ። አባቴ ክሊኒክ ልውሰዳት ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«እንዳታደርገው። ይሄ መርፌ አይወድም። የእህቴን ልጅ የገደላት መርፌ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ይድፈር? በሃይማኖት ጉዳይ ከእትዬ ዘነበች ጋር አንድም ቀን ተስማምተው የማያውቁት እናቴና አክስቴ፣ በመርፌ ጉዳይ ወዲያው ተስማሙ። እኔም ፈርቼ አንገቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ተኛሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ደረቴ ላይ ፈሰሰ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ግማሽ ፊቴ ወርዷል። ግራ ዓይኔ አልከደን ይላል፣ እማዬ ብዬ ልጣራ ብሞክር ከንፈሬ አይገጥምም።

ቤቱ እንደገና ሞላ። አክስቴ ጥፋቱን የታክሲ መስኮት ከፍቼ መሄዴ ላይ ጣለች። እትዬ ዘነበች ደግሞ በጥፊ የመታኝ ጋኔን ነው ብለው ወሰኑ። ሁሉም መልስ ነበረው፤ ሐኪም ቤት የሚል ግን ጠፋ። ሰዎቹ ሲከራከሩ ቀን ሄደ፣ ሌላም ቀን ተጨመረ። በመጨረሻ አባቴ ማንንም ሳያስፈቅድ ኮቱን ለበሰና ክንዴን ይዞ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላ ተከተለችን።

ሐኪሙ ጆሮዬን ከተመለከተ በኋላ ወደ እናቴ ዞረ። «ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል?»

«በሕፃንነቷ። ያኔውኑ ድናለች።»

«እሷ ድናለች፤ ቫይረሱ ግን አልሄደም» አለ። ከጆሮ አጠገብ ያለው የፊት ነርቭ ውስጥ ገብቶ ያን ሁሉ ዓመት ተኝቶ እንደነበር፣ አሁን ነቅቶ ነርቩን እንዳቆሰለው አስረዳን። አንዳንዴ ወደ አንጎልም ይዘልቃልና እግዚአብሔርን አመስግኑ አለን። እኛ ሸረሪትና ጋኔን ደጅ ለደጅ ስናሳድድ፣ ጠላቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያድግ ነበር።

እናቴ እጇን አጣምራ፣ «ዶክተር፣ በፈጣሪ ይሁንብዎ፣ መርፌ ብቻ እንዳይወጓት» አለችው።

«የምን መርፌ? መድኃኒቱ የሚዋጥ ኪኒን ነው» አላት ግራ ገብቶት። «ግን እንደጀመራት ብታመጧት ጥሩ ነበር።»

እናቴ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በሰርጉ ቀን መዝሙሩን ሌላ ልጅ ዘመረችው። ቆንጆ አድርጋ ነው የዘመረችው፤ እሱም አናደደኝ። እኔ ከኋላ ረድፍ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ቆምኩ። ከወራት በኋላ ፊቴ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ከንፈሬ ግን ዜማ ሲረዝም ይለግማል፤ ብቻዬን ዘምሬ አላውቅም። ነርቩም ሲያገግም መንገድ ስቶ፣ ለምራቅ የታሰበው የነርቩ ጫፍ የእንባ ዕጢዬ ጋ ደረሰ። እትዬ ዘነበች እስኪሞቱ ድረስ በየጾሙ ፍቺ ለእኔ ብለው ድርሻ ያስቀምጡልኝ ነበር። እንዲህ የሚወድሽን ሰው እንደ ልብ መቆጣት አይቻልም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሰናይትን አልተከራከርኳትም። ገብቼ ማርታን ልበሺ አልኳትና ሦስታችንም ታክሲ ይዘን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ክሊኒክ ሄድን። ማርታ የታዘዘላትን ኪኒን እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ፣ ዓይኔ እያየ ዋጠች።

ባለፈው እሑድ ሰናይት ምሳ ጠራችኝ። በሩን የከፈተችልኝ ማርታ ናት፤ ስታየኝ ሳቀች፣ አፏ በግራም በቀኝም እኩል ተከፈተ። ማዕድ ቀረበ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ማኘክ ስጀምር እንደ ልማዱ እንባዬ ወረደ።

«አይዞሽ፣ ተረፈችልን እኮ» አለችኝ ሰናይት።

የነርቭ ነገር ነው ብዬ ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ፊቴን ስጠርግ ግን ቀኝ ዓይኔም ርሷል።