ታላቄ ሞተር ሲያዳምጥ

ታላቅ ወንድሜ ሶዶ ከተማ ሞተር ሳይክል ይጠግን ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ከሻንቶ የገዛሁት አሮጌ ሞተር ሲንኳኳ ወሰድኩለት። የውስጡን ካቴና የሚወጥረው ዕቃ አልቋል አለኝ።

«የዕቃውን ሞላ ሳብ አድርገህ ዝም አሰኝልኝ» አልኩት።

«አንተ ደረቅ! ዝም ማሰኘት መጠገን ነው እንዴ?»

አዲሱ ዕቃ እስኪገኝ ሳምንት አስቀመጠብኝ። ተኳረፍን። ያ ሞተር ግን ዳግመኛ አልተንኳኳም።

ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ሞተ። በቀብሩ ማግስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው፣ «ወንድማችን፣ እሱ ጌታ ጋ ነው፤ በቃ፣ አያልቅሱ» አሉኝ። ጌታ ጋ መሆኑን እኔም አምናለሁ። የሞተብኝ ግን ጆሮውን አስጠግቶ የሚሰማ ሰው ነው።

«ዝም ማሰኘት መጠገን ነው እንዴ?» አልኳቸውና ማልቀሴን ቀጠልኩ።