የበሬው ዓይን ቀለም

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የክር ጥቅል አለ። ዛሬ ለሥራ ፍለጋ ዲግሪዬን ላወጣ ስጎረጉር እጄ ገባ። አሸተትኩት። ካርቶንና የማሽን ዘይት፣ ያ የአክስቴ ሱቅ ሽታ።

አክስቴ መርካቶ ክርና ቁልፍ ትሸጥ ነበር። ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶ፣ ሐኪም "ካልተሠራ ይጠፋል" ብሏታል። እሷ ግን "አውጥተው አጥበው ሊመልሱት? አላደርገውም!" ብላ ድርቅ አለች። ልብስ ሰፊው ደንበኛዋ ክር እየመለሰ "እትዬ፣ ጥቁር ብዬዎት ሰማያዊ ሰጡኝ እኮ!" ሲላት አምፖሉን ትረግማለች።

እኔ ያኔ አስረኛ ክፍል ነኝ። ለባዮሎጂ የበሬ ዓይን አምጡ ተባልን። መሳለሚያ ያለው ሥጋ ሻጭ "በቅቤ ነው በሚጥሚጣ?" ብሎ ሳቀብኝና በፌስታል ሰጠኝ። እስከ ነገ ማን ይጠብቃል? የአክስቴ ባንኮኒ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ በምላጭ ቀደድኩት።

"ወይኔ ጉዴ! የምሸጥበት ላይ?"

ክር ሊመልስ የመጣው ልብስ ሰፊ አፍንጫውን ይዞ ቆመ። የፊተኛው ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ምላጩን እንቢ አለው። ከስሩ ቡናማው አይሪስ፣ መሃሉ ላይ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ብሌኑ። ከዚያ ሌንሱ ዱብ አለ። እንደ ውሃ ጠብታ የጠራ ነው፤ ጋዜጣው ላይ ያረፈበት ፊደል አበጠ።

"አየሽ? ሐኪሙ የሚቀይረው ይቺን ብቻ ነው! ዓይንሽን ማንም አያወጣም።"

ጎንበስ አለች። ስሷን የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲናዋን፣ ገፈፍ ሳደርጋት የዓይኑ ጀርባ አበራ። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ። ይሄ ሁሉ ቀለም እዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር?

"ይሄማ አለኝ" አለች። ከመደርደሪያው አንድ ክር አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች።

"እሱ እኮ ግራጫ ነው!" አልኳት፣ ሰው ፊት። ምላሴ አይቆይም።

አምፖሉን አልረገመችም። ክሩን በጣቷ ዳበሰችና "ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ" አለች።

ፋሻው በተፈታ ማግስት ቀጥታ ሱቅ ገባች። "ቀይ! ብርቱካን! ይሄ ደሞ ወይን ጠጅ!" መደርደሪያውን እየጠራች ስትወርድ ልብስ ሰፊው አጨበጨበላት። በመጨረሻ ይሄን ሰማያዊ ጥቅል መዳፌ ላይ አኖረች።

"ያ የበሬው ቀለም ይሄ ነው አይደል?"

አልነበረም። የበሬው አረንጓዴ ነበረበት።

"ራሱ ነው" አልኳት።

አሁን ሱቁም የለም፣ እሷም የለችም። ዛሬም የጠየቀኝ ሰው ካለ፣ ራሱ ነው።