በሁዳዴ ቅቤ አልበላሁም

የተበደልኩትን አስቀድሜ ልጻፍ፣ ሌላው ወሬ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አንድም ሁዳዴ ሳላፈርስ ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ «ጾሙን ተደብቀሽ ቅቤ በልተሻል» ተብያለሁ። ያለኝም ባዳ አይደለም። የወለድኩት፣ ቅቤ ሸጬ ያሳደግኩት ልጄ ነው።

ቅቤ ሸጬ ያልኩት ለወግ አይደለም። ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ መርካቶ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ነበርኩ። ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተደባለቀው በማሽተት እለያለሁ። ልጄ ደግሞ ጎጃም በረንዳ የዘይት ሱቅ አለው፤ በጀሪካን ያከፋፍላል። እናት ቅቤ፣ ልጅ ዘይት። ራጉኤል ጀርባ ያለው ሰፈራችን «እናንተ ቤት ድስት አይደርቅም» እያለ ይቀልድብን ነበር። እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ራሴን አዞረኝና ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፊቷ ለሳቅ ቅርብ የሆነ። ደሜን አስመረመረችና «እማማ፣ ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል» አለችኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። በደም ውስጥ የሚዘዋወር ቅባት እንደሆነ፣ ሲበዛ የደም ሥር ላይ እየተለጠፈ መንገዱን እንደሚያጠበው ነገረችኝ። ወዲያው ገባኝ። ሶማሌ ተራ ላይ ጋሪውም፣ አይሱዙውም፣ ተሸካሚውም ባንድ ጊዜ ሲገባ የሚሆነው ነው።

«ቤት ውስጥ ምን ይመገባሉ?» ስትለኝ፣ አፌን ሳልከፍት ልጄ መለሰ።

«ቅቤ ነው፣ ዶክተር። እናቴ ቅቤ ትወዳለች። ነጋዴም ነበረች።»

«የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሺ፣ ተናገሪ።»

«ቅቤ እወዳለሁ» አልኩ። ምን ልበል፣ እውነት ነው።

ሐኪሟ ሳቀች። ቅባት የበዛበትን ሁሉ እንድቀንስ፣ በእግሬ እንድንቀሳቀስ፣ ከጊዜ በኋላም ተመልሼ እንድመረመር መከረችኝ። ልጄ ከዚያ ሁሉ ምክር ውስጥ ይዞ የወጣው ቅቤዬን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ምራቴ የቅቤ ጣሳዬን ከመደርደሪያው አውርዳ ለጎረቤት ሰጠች። ሲመሽ ሁሉም ትሪውን ከበው ሲቀመጡ፣ ለእኔ በትንሽ ሳህን የተቀቀለ ጎመን ለብቻዬ መጣ። በቤታችን ሕፃንም ሽማግሌም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። የልጅ ልጄ ጉርሻ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ፣ «ተይ፣ ለእማማ አይሆንም» ተብላ እጇን መለሰች።

«ለጤናዎ ነው እኮ፣ እማማ» አለችኝ ምራቴ።

«ጤናዬ ብቻውን መብላት አይወድም» አልኳት።

ምራቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህንን መናገር ተገቢ ነው። ስታመም ሌሊት ተነስታ የምታየኝ እሷ ናት። ግን ደግ ሰውም ቢሆን ሳህን ለይቶ ሲሰጥ ያው መለየት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልኩ። ምራቴ ራሷ ሳህኑን አጥባ አስቀመጠችና «አሁንማ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ጾም ምን ያደርጋል። ይምጡ ወደ ትሪው» አለችኝ። መጣሁ። ጉርሻዬም ተመለሰልኝ። ምስሩ ቀይ ዘይት ተንሳፍፎበት፣ ሽሮው እየተንተከተከ፣ ድንቹ ተጠብሶ ይቀርባል። ከቅዳሴ ስንመለስ ደግሞ ትኩስ ፓስቲ ይጠብቀናል። ምራቴ ጀሪካኑን ብድግ ታደርግና ታንቆረቁረዋለች፤ «ቅቤ የለው፣ እንዳይደርቅብን» እያለች። ዘይቱ ከልጄ ሱቅ የሚመጣው ነው። ጠዋት ብርዱ ሲጠና ነጭ ሆኖ ይረጋና፣ እስኪቀልጥ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን። ማንም ምንም አላሰበም። ጾም ነዋ። ጾም የሆነ ነገር ሰው የሚጎዳ አይመስለንም።

የምርመራው ቀን ሲደርስ «ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» አሉኝ። በሁዳዴ ይህን ለእኔ መንገር። ሳቅኩና ሄድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ቅባቱ ሊቀንስ ቀርቶ ካለፈው ጨምሯል። ሐኪሟ ምግቤን እንደገና እንዳስብበት ነግራ ሸኘችን።

ልጄ ራጉኤል በር ላይ ስንደርስ ቆመ።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተደብቀሽ ቅቤ በልተሻል?»

«በሁዳዴ?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ደምሽ ነው የሚናገረው።»

«ደሜ አማርኛ አይችልም። የተናገርከው አንተ ነህ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ።»

ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መንገዱን ቀጠለ። እኔ ወደ ቅጥሩ ገብቼ ተሳለምኩ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅልኝ አውቃለሁ፤ ግን ከልጄ አፍ መስማት ፈለግኩ።

በማግስቱ ክፍሌ ስገባ ምራቴ ሳጥኔ ላይ አጎንብሳ ስታሸትት ደረስኩባት።

«መርፌ እየፈለግኩ ነው፣ እማማ» አለችኝ።

መርፌ አይሸትም። ነጠላዬን ለበስኩና ሱቅ ሳለኝ ጎረቤቴ ወደነበረች ሴት ሄድኩ። ቅመም ትሸጣለች፣ እስላም ናት፣ በዓል ሲሆን እኔ የእሷን ዋዜማ አውቃለሁ፣ እሷም የእኔን ታውቃለች። የደረሰብኝን ስነግራት በርበሬ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

«አንቺ? ተደብቀሽ? አንቺ ቅቤ ስትበዪ እኮ ተራው ሁሉ ይሰማል።»

«አትሳቂ፣ ነገሩ ከባድ ነው።»

«ለእኔም ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? በረመዳን ነው የሚብስብሽ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጾሜ ማታ በምን አፈጥራለሁ? ዘይት ውስጥ ሲዋኝ በቆየ ሳምቡሳ። የእናንተ ቤት ዘይትስ ከሰማይ የወረደ ነው እንዴ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ዕድሜ ልኬን ቅቤ ሲረጋ አይቻለሁ፤ የልጄም ዘይት ይረጋል። ቅቤዬ ሲረጋ በሽታ፣ የእሱ ሲረጋ መድኃኒት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ማታ ልጄ ከሱቅ ሲገባ ጠበቅኩት።

«አንተም ትመረመራለህ» አልኩት።

«እኔ ምን ሆኜ? ይኸው እያየሽኝ፣ ቀጭን ሰው ነኝ።»

«ሁለታችንም ከአንድ ትሪ በልተናል። አንተ ቅቤ እንዳልነካህ አምናለሁ። ደምህ ንጹሕ ከሆነ ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሰፈር ጠርቼ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ካልሆነ ግን ትመልስልኛለህ።»

«ምኑን?»

«በሁዳዴ ቅቤ በልቻለሁ ወይ? ይህንን።»

ሱቁን ትቶ መሄድ እንደማይችል ነገረኝ። እኔም ወደ ትሪው አልተመለስኩም፤ ሳህኑንም አልተቀበልኩም። ቆሎዬን ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። እያዩኝ ይጎርሳሉ፣ እያየኋቸው እቆረጥማለሁ። ጥርሴ ስላልረገፈ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው። ቀድማ የተሸነፈችው ምራቴ ናት።

«ኧረ በማርያም ሂድና ተመርመር» አለችው። «የቆሎው ድምፅ ገደለኝ።»

ሦስታችንም አብረን ሄድን። የልጄ ውጤት ከእኔ የባሰ ሆኖ ወጣ። ሱቅ ውስጥ ሚዛን እንደተሳሳተበት ሰው፣ ይህ የእኔ ስለመሆኑ እርግጠኛ ናችሁ ወይ እያለ ደጋግሞ ጠየቀ።

ሐኪሟ ወደ ምራቴ ዞረች። «ወጡን በምን ነው የምትሠሪው?»

«ጾም ነው እኮ፣ ዶክተር። በዘይት ነው።»

«ምን ያህል ታደርጊያለሽ?»

ምራቴ እጇን ብቻ አንስታ፣ ጀሪካን እንደያዘ ሰው ዘንበል አደረገችው፤ እንደዘነበለም ቆየ። ሐኪሟ እጁ መቼ ይቃናል ብላ ስትጠብቅ ቆይታ ፈገግ አለች።

ከዚያ አስረዳችን። ጾም ቅቤን ከቤት ያወጣል እንጂ ዘይትን ከቅባትነት አያወጣውም። በብርድ የሚረጋው ዓይነት ዘይት ደግሞ በደም ሥር ላይ ሥራው ከቅቤ ብዙ አይርቅም። ሰው ቀጭን ስለሆነ ደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ድስት የሚበላ ቤተሰብ አንዱ ሲታመም ለእሱ ብቻ ሳህን መለየት ሳይሆን ድስቱን መመልከት አለበት አለች። ይህንን ስትል ልጄን ትክ ብዬ አየሁት። እሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የልብ ሥዕል ያይ ነበር።

ግን እኔንም አልማረችኝም። «እማማ፣ ቅቤውም ነጻ አልወጣም እኮ። ሁለቱም ተከሳሾች ናቸው።»

«ፍርዱ እኩል ከሆነ እቀበላለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

አሁን ጀሪካኑ ከማድ ቤታችን ወጥቷል። ብርድ የማያረጋው የሱፍ ዘይት ገባ፣ እሱም በማንኪያ እየተለካ። ሽንኩርቱ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፣ ድንቹ ይቀቀላል፣ ፓስቲ ለእንግዳ ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ወጡ ለሁላችንም እንግዳ ነበር፤ ከዚያ የምስሩ የራሱ ጣዕም መጣ፣ ለካ ምስርም ጣዕም አለው። ትሪው አንድ ነው፣ በእሱም ላይ ያለው ለሁሉም እኩል ነው። ልጄ ሱቁን አልዘጋም፣ ዝጋም አላልኩት። «ለቤትህ የማታስገባውን ለሰው ቤት ትሸጣለህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። እያሰበበት ነው።

ያቺን ዋናዋን ጥያቄ ግን አልመለሰልኝም። ሳነሳበት «ምሳ በልተሻል?» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ስልኩ ይጠራበታል፤ ሳይጠራም ያነሳዋል።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ላይ ቅቤውን በማንኪያ ለክቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ምራቴ አጠገቤ ቆማ ማንኪያውን ታያለች። ትሪውን ከበብን። ልጄ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ አፌ ዘረጋ። አፌን ዘጋሁ።

«መጀመሪያ መልሱን» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። የልጅ ልጆቼ ማኘካቸውን አቆሙ። ወጡ በጣቶቹ መካከል ወርዶ ወደ እጅጌው መጓዝ ጀመረ።

«መልስላት፣ ሸሚዙ ነጭ ነው» አለችው ምራቴ።

«አልበላሽም፣ እማዬ» አለ። «ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»